ተጎትቶ የሄደው ማህደር ቤት

ሰው ከቤቱ ዕቃ ይሰረቅበታል እንጂ ቤቱ እንዳለ፣ ከነበሩ ከነመስኮቱ፣ ሲሰረቅ ያየ ፖሊስ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። በዚያ ዓርብ ጠዋት ፌልድካምፕ ትራንስፖርት ግቢ ስደርስ፣ ማህደር ቤቱ ቆሞበት በነበረው ቦታ የቀረው ፀሐይ አይቶ የማያውቅ የነጣ ሣርና የተነቀለ የመብራት ገመድ ብቻ ነበር። የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሹፌሮች ባዶውን ቦታ ከበው፣ ለቀብር እንደመጡ ሁሉ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

ስሜ ሌስተር ክራውዘ ነው። የሎን ኤልም ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ምክትል መርማሪ ነኝ። ከሚዙሪ ወንዝ እስከ ሮኪ ተራሮች ድረስ ስሜ ሲነሣ ሌባ የጎረሰው ትን ይለዋል። በመላው ነብራስካ እኔን የሚበልጥ መርማሪ ከተገኘ አንድ ሰው ነው፤ ኢንስፔክተር አይሊን ስቮቦዳ። ይህንን የምለው አለቃዬ ስለሆነች አይደለም። እኔ ቁርስ ላይ የምናገረውን ቃል እሷ ዓመቱን ሙሉ አትጨርሰውም፤ ግን ከአፏ የወጣው አንዱ ቃል መሬት ጠብ አይልም።

"ሌስተር፣ ምን ይታይሃል?" አለችኝ ሣሩን እያየች።

"ምንም።"

"ጎበዝ። ከዚያ እንጀምር።"

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ማህደር ቤቱ መስኮት የወጣለት አሮጌ የጭነት ተሳቢ ነው። ውስጡ ግን የግቢው ሹፌሮች ሁሉ ነፍስ ነበር። የእያንዳንዱ የመንጃ ፈቃድ ቅጂ፣ የጤና ካርዱ፣ የመንገድ ፈተና ውጤቱ፣ የቀድሞ አሠሪዎቹ ቃል፣ የጥፋት ታሪኩ፣ በየስሙ ተሰድሮ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ማህደሩ ያልተሟላ ሹፌር መሪ አይጨብጥም፤ ሕጉ እንዲያ ነው። ሰኞ ደግሞ የፌዴራል ተቆጣጣሪ ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል።

"ሰኞ ሲመጣ ምን ላሳየው ነው? ሣሩን?" አለ የድርጅቱ ባለቤት ሮይስ ፌልድካምፕ፣ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ።

"የቆመ ተሳቢ ጎማው ሳይተነፍስ እንዴት ተጎተተ?" ጠየቀች ኢንስፔክተሯ።

ሹፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሉፔ ሬዬስ የምትባል የአውቶቡስ ሹፌር ናት የመለሰችው። "ወይዘሮ ዊልማ ናቸው። 'ተሳቢ ተሳቢ ነው፤ ቆመም ሄደም ሕግ አለው' እያሉ ጎማውን በየጊዜው ያስነፉት ነበር። ፍሬኑንም ያስመረምራሉ። እኛም እንስቅባቸው ነበር።"

"የት ናቸው እሳቸው?"

ሹፌሮቹ ግቢውን ቃኙ። መኪናቸው ግቢ ውስጥ የለችም። እኔ "እንግዲህ ሴትየዋ ቤታቸውን ይዘው ኮብልለዋል" ብዬ ጉዳዩን ልዘጋው ስል ሬዲዮኔ ጮኸ። የአሸዋ ማውጫው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ የሄደ ሰው ደውሎ ኖሯል። ውሃው ውስጥ ቤት ቆሟል አለ።

*

ሐይቁ ጋ እንደ ጥይት ደረስን። ተሳቢው በጀልባ ማውረጃው ተዳፋት ወደኋላ ተገፍቶ፣ ኋላው ሰምጦ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሯል። ኮቴን ጥዬ ዘለልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ውሃው ወገቡ ድረስ ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ዓሣ ነባሪ ያሰጥማል።

በሩን ገንጥዬ ስገባ ወይዘሮ ዊልማ ሆላቤክ የብረት ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ደምቷል። ከንፈራቸው እንደ ብይ ሰማያዊ ሆኗል። እግራቸውን ከውሃው በላይ ሰብስበው፣ ከመሳቢያዎቹ የቻሉትን ያህል ማህደር አውጥተው ጭናቸው ላይ ከምረውታል።

"ወይዘሮ ዊልማ! ማነው እንዲህ ያደረግዎት?"

"አላየሁም። መብራት ጠፋ፣ ቤቱ ሄደ፣ ወደቅሁ" አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸው ከመከደኑ በፊት፣ "የላይኛው መሳቢያ ደረቅ ነው" ብለው በክንዴ ላይ ዘፍ አሉ።

ብዙ ጀግና አንስቻለሁ፤ ወድቀውም ሥራቸውን ሪፖርት ያደረጉ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሐኪም ቤት ጭንቅላታቸው ውስጥ እብጠት ስላለ ሆን ብለን አስተኝተናቸዋል አሉን። መኪናቸው ከተማ ያለ ጋራዥ ገብታ፣ ያደረሳቸው ጎረቤታቸው መሆኑን ራሱ ነገረን። የተቆጣጣሪው ቀጠሮ ስለቀረበ ከሰው ሁሉ ቀድመው ገብተው ነበር። መስኮቶቹን ደግሞ ፀሐይ ወረቀት እንዳያደበዝዝ በካርቶን ሸፍነዋቸዋል። ሌባው ሰው መኖሩን ያወቀ አይመስልም። ዐቃቤ ሕጉ ግን "ማወቅ አለማወቁን ፍርድ ቤት ይነግረናል፤ ሰኞ በግድያ ሙከራ እከሳለሁ" አለ። አሁን የቀረው የሚከሰሰውን ማግኘት ነበር።

*

የሚከሰሰውንማ ወዲያው አገኘሁት።

ግቢው ውስጥ ያሉት ከባድ መኪናዎች ሁሉ አዲስና አውቶማቲክ ናቸው፤ ሞተር ከተነሣ ጀምሮ የት እንደሄዱ ራሳቸው ይመዘግባሉ። አንድ ብቻ ሹፌሮቹ "ሽማግሌው" የሚሉት ባለማርሽ፣ ማለትም ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ ጎታች መኪና አለ። ዕድሜው ስለገፋ ሕጉ ከመመዝገቢያው ምሮታል፤ ቁልፉም ጋራዥ ውስጥ ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። የሽማግሌው ጎማ እስከ መሃሉ የሐይቅ ጭቃ ለብሷል። ጋቢናው ውስጥ ደግሞ ቀይ ኮፍያ ወድቋል።

"የዳላስ ነው" አለ የስምሪት ኃላፊው ክሊንት ማሃፊ፣ አዝኖ ራሱን እየነቀነቀ። መልከ መልካም ሰው ነው፤ ከኔ በታች ማለቴ ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ፣ በወጣትነቱ ከአንድ ቢጫ የተማሪ አውቶቡስ ጎን ቆሞ የተነሣው ፎቶ ተሰቅሏል። "መናገር አልፈልግም ነበር። ትናንት እዚሁ ጠረጴዛዬ ፊት ከዊልማ ጋር ተጣሉ። የጤና ካርዱ ጊዜው አልፎበት 'ዛሬ አትነዳም' ስትለው፣ 'ያንን ሣጥንሽን ሐይቅ ውስጥ ባልከተው ምን አለ በይኝ' አላት። ግቢው ሁሉ ሰምቷል።"

"አንተስ ንጋት ላይ የት ነበርክ?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"የት እሆናለሁ? እዚሁ። ስልክ አነሣለሁ፣ ሹፌር አሰማራለሁ። ሉፔን ጠይቋት፤ ደውላልኝ ነበር።"

ዳላስ ኦትማንን ቤቱ አገኘነው። ገና ጢሙ በወጉ ያልሞላ፣ ትከሻው ግን በር የሚሞላ ጎረምሳ ሹፌር ነው። ሚስቱ ሼልቢ ልትወልድ ተቃርባ እናቷ ጋ ሄዳለች። ስለዚህ ንጋት ላይ መተኛቱን የሚመሰክርለት ትራሱ ብቻ ነው።

"ሽማግሌውን መንዳት ትችላለህ?" ስል ጠየቅኩት።

"ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?" ደረቱን ነፋ። "በአንድ እጄ መሪ፣ በሌላው ሳንድዊች ይዤ ነው የምነዳው። አያቴ ጡት ሳልጥል ነው ያስተማረኝ። የሮኪን ቁልቁለት ፍሬን ሳልነካ ወርጃለሁ።"

"ማርሹንስ በየትኛው እጅህ ቀየርክ?" አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ።

ትንሽ አሰበ። "በጉልበቴ።"

እኔ በበኩሌ በጣም ወደድኩት። እንዲህ ራሱን ጠቅልሎ የሚያስረክብ ተጠርጣሪ በሕይወት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው። ካቴናውን ሳጠልቅለት ኢንስፔክተሯ ግን አልተደሰተችም። ደስ ሲላት ዓይኗ ጠበብ ይላል፤ ያን ቀን እንደተከፈተ ቀረ።

*

ቅዳሜ፣ ሥራ የፈታን ይመስል፣ የማይጠረጠረውን ሁሉ ስንጠረጥር ዋልን።

መጀመሪያ ሮይስ። ማህደሩ ቢጠፋ ይጠቀማል ብዬ ነበር። ግን ሰውየው ኦማሃ የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ አድሮ ማለዳ ነው የተመለሰው፤ ሲጨፍር ደግሞ ሁለት መቶ ሰው አይቶ ስቆበታል። ደግሞም ድርጅቱን ከአባቱ ወረሰ እንጂ ከባድ መኪና ነድቶ አያውቅም። "የሣር ማጨጃዬንም ሚስቴ ናት የምታዞርልኝ" አለን፣ ምንም ሳያፍር።

ቀጥሎ ከብት አርቢው ቨርኖን ጃንሰን ራሱ ጠራን። አጥሩ ላይ ተደግፎ እኛ ሳንጠይቀው ጀመረ።

"ከሠለጠነ ሌባ ጋር ነው የምትታገሉት ወይስ ከጅል? ንጋት ላይ ላሜ ምጥ ይዟት የእንስሳት ሐኪሙን ላመጣ እየበረርኩ፣ ከፊቴ ቤት የሚጎትት መኪና። ቤት የሚያዛውር ሰው መሰለኝ። በዝግታ መሄዱ አንሶ ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ቆመ!"

"ባቡር መጥቶ ነው?" አልኩት።

"ምን ባቡር? በዚያ ሐዲድ ላይ ባቡር ከሚያልፍ ዝናብ ቢዘንብ ይቀላል። ፍሬቻውን አበራ፤ መስኮቱን አወረደ፤ ቀኝ አየ፣ ግራ አየ። ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ሐዲዱን ተሻገረ። ጡሩንባዬን ብነፋ መስሚያው ጥጥ ነው።"

"ፈርቶ ነው" ስል ደመደምኩ። "ሌባ ሲፈራ እግሩ ይከዳዋል። ስንቱን አይቻለሁ።"

ኢንስፔክተሯ ግን፣ "በየትኛው መንገድ ነው?" አለችው።

"በአፈሩ ነዋ። በአሮጌው ወፍጮ በኩል ያለው።"

"ይህንን ለማን ነገርክ?"

"ለላሜ ብቻ። እሷም ሰሚ አልነበረችም።"

ወደ ሐይቁ ሁለት መንገድ አለ፤ አስፋልቱና የአፈሩ። ሰው ሁሉ አስፋልቱን ነው የሚያውቀው፤ እኛም ዓርብ የበረርነው በሱ ነው። ኢንስፔክተሯ መኪናችን ውስጥ ስትገባ፣ "ይቺ ነገር እኔና አንተ ጋ ትቅር" አለችኝ። ለኔ ይህን ማለት ለወንዝ አትፍሰስ እንደማለት ነው፤ ግን ቻልኩት።

ከሰዓት ሉፔን ያገኘናት አውቶቡሷ ላይ ነው። የተማሪዎች የሙዚቃ ጓድ ልታመጣ ባዶዋን እየሄደች ስለነበር አብረን ተሳፈርን። ባለማርሽ መንዳት ትችላለች፤ ከወይዘሮ ዊልማ ጋርም ተጋጭታ ታውቃለች። ግን ንጋት ላይ መንገደኛ ሞልታ አውራ ጎዳናው ላይ ነበረች፤ የአውቶቡሷ መመዝገቢያ ራሱ መስክሮላታል።

"ወይዘሮ ዊልማን የሚጠላ ሞልቷል" አለች መሪውን እያሽከረከረች። "እኔንም የዓይን ምርመራ ድገሚ ብለው ሥራ አስፈትተውኛል። በልቤ ስረግማቸው ነበር። ሐኪሙ ግን 'ትንሽ ብትቆዪ ግራ ዓይንሽን ታጪው ነበር' አለኝ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ነው የምላቸው፤ በልቤ ነው ታዲያ፣ ፊት ለፊት ብላቸው 'ዘመድ ማህደር ውስጥ አይገባም' ይሉኛል።"

"ክሊንት ንጋት ላይ ስትደውዪ አነሣ?"

"አነሣ። የት ሆኖ እንዳነሣ ግን እንጃ፤ የቢሮው ስልክ በኪሱ ስልክም ይጠራል። ነፋስ ይጮህ ነበር።" በመስታወቷ ወደ ኋላ አየች። "ሌላ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ግን አልነገርኳችሁም። ባለፈው የተማሪዎቹን የቅርጫት ኳስ ቡድን ማን እንደወሰዳቸው ጠይቁ።"

እኔ በዚህ መሃል አንድ ጊዜ የሸሸ በሬ በባዶ እጄ እንዴት እንዳቆምኩ እየተረክሁላቸው ነበር። በሬው ቀንዱን ዝቅ ሲያደርግ ላይ ስደርስ አውቶቡሱ ቀጥ አለ። ሐዲድ ላይ ደርሰናል። ሉፔ በሩንና መስኮቱን ከፈተች፣ ቀኝና ግራ አየች፣ ጆሮዋን ሰጠች፣ ዘጋችና አለፈች።

"ባዶ ሆነሽም ትቆሚያለሽ?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"የአውቶቡስ ሹፌር እኮ ነኝ! ሰው ኖረ አልኖረ ሕጉ ነው። አሁንማ እግሬ እኔን አይጠይቀኝም። ባለፈው በራሴ መኪና ገበያ ስሄድ ሐዲድ ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ እናቴን ሰደበልኝ።"

"የጭነት ሹፌሮችስ?"

"ፈንጂ ወይ ጋዝ ካልጫኑ ምን አስቆማቸው? እንደ ፍየል ዘለው ነው የሚያልፉት።"

ዞር ብዬ ኢንስፔክተሯን አየኋት። ዓይኗ ጠበብ ብሏል።

*

እሑድ ጠዋት የዳላስን ክፍል አስከፈተች። ቺሊ የሚሉት የሥጋ ወጥና የቀረፋ ዳቦ ይዛለት ነበር፤ ልጁ ግን አልነካውም። ሼልቢ ደውላ ምጧ ሊመጣ እንደሚችል ነግራዋለች።

ኢንስፔክተሯ ሲታሰር የተረከብኩትን መንጃ ፈቃዱን ከኪሷ አወጣች። እኔ ስሙንና ፎቶውን አይቼበታለሁ፤ እንደኔ ያለ ንስር ዓይን ያለው ሰው ለጥቃቅን ፊደል ጊዜ የለውም። እሷ ግን ገልብጣ አንዷ ፊደል ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ይቺ ምንድናት፣ ዳላስ?"

ዳላስ ግድግዳውን አየ። ያ ሁሉ ትከሻ ዓይናችን እያየ ሟሸሸ።

"አውቶማቲክ ብቻ ማለት ናት" አለ በመጨረሻ።

"ፈተናውን በአውቶማቲክ ወሰድክ?"

"አዎ።"

"ባለማርሽ መኪና ሞክረህ ታውቃለህ?"

"አያቴ አንድ ቀን አስቀመጠኝ። የጎረቤት አጥር አፈረስኩ።" ድምፁ ወረደ። "ኢንስፔክተር፣ እባክዎ፣ ለግቢው ልጆች እንዳይነግሩብኝ። እዚያ ግቢ ማርሽ የማይችል ሰው ምን እንደሚሉት አያውቁም። ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አይተዉለትም። ወይዘሮ ዊልማ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ሲፈትኑኝ ጽፈውታል፤ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ትንፍሽ አላሉም።"

"አንተ ሰው!" አልኩ፣ አላስቻለኝም። "ልጅህን በእስር ቤት መስታወት በኩል ልታይ ነው እኮ! አልችልም ብትል አሁን ቤትህ ነበርክ!"

"አውቃለሁ" አለ። "ልናገር ስል አፌ እምቢ ይለኛል።"

ኢንስፔክተሯ መንጃ ፈቃዱን መልሳ ኪሷ ከተተች። "ይህቺ ፊደል መንዳት አልተፈቀደልህም ትላለች እንጂ አትችልም አትልም። ዐቃቤ ሕጉ በዚህ አይለቅህም። እኔ ግን ፊትህን አይቻለሁ" አለችው። "ዳቦህን ብላ።"

ውጪ ስንወጣ፣ "እኔ ማርሽ እንደ ፒያኖ ነው የምጫወተው፤ ሽማግሌውን ልንዳልሽ?" አልኳት።

"አይ፣ ሌስተር" አለች። "ሰው አስቤለታለሁ።"

*

ክሊንት ማሃፊ ሲጠራ እየሳቀ መጣ። ኢንስፔክተሯ ሽማግሌው አጠገብ ቆማ ነበር።

"ክሊንት፣ ሰኞ ዐቃቤ ሕጉ ሌባው ወደ ሐይቁ እንዴት እንደሄደ ይጠይቀኛል። እኔ ይህን መኪና አልችለውም፤ ሌስተር ደግሞ የሚችለው በወሬ ነው። ቤት እንደሚጎትት ሰው እየነዳህ ብታሳየን?"

"ደስ ይለኛል። ለዊልማ ስል።"

ጋቢናው ውስጥ ሦስታችን ተደረደርን። ክሊንት ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ሲያስገባ ብረቱ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ነበር። ያ ያረጀ መኪና ጌታውን ያወቀ ፈረስ ይመስል እየዘፈነ ወጣ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም፤ የራሴን ሳይጨምር።

ከግቢው ወጥተን መገንጠያው ጋ ደረስን። ወደ ግራ አስፋልቱ፣ ወደ ቀኝ የአፈሩ መንገድ። ማንም ምንም አላለውም። ክሊንት ወደ ቀኝ ታጠፈ።

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ኢንስፔክተሯ መስክ ላይ ያሉትን ላሞች ታያለች። የቨርኖን ጃንሰንን አጥር አለፍን። ከፊታችን ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፤ ባቡር ቢኖር ከነገ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ይታያል። የለም። ሐዲዱ በሣር ተውጧል።

መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ። ፍሬቻው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ቀጥ ብለን ቆምን። ክሊንት መስኮቱን አወረደ፤ ቀኝ አየ፤ ግራ አየ፤ ጆሮውን ሰጠ።

ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

"ለምን ቆምክ፣ ክሊንት?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ል... ልማድ ነው። ድሮ አውቶቡስ..." አለና እጁ የመስኮቱ እጀታ ላይ ደርቆ ቀረ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ከፎቶው የወጣ ሳይሆን ከሬሣ ሣጥን የወጣ መሰለ።

"ዓርብ ንጋትም ቆመህ ነበር። ከኋላህ ጡሩንባ የነፋብህ ሰው ላሙ እየወለደች ነበር። ስንት ዓመት ነው ተማሪዎች ጭነህ እዚህ የቆምከው?"

"ሃያ" አለ። "አንድም ልጅ ጭረት አላገኘውም።"

"የቅርጫት ኳስ ቡድኑንስ ማን ወሰዳቸው?"

ሞተሩ ከሥራችን ይንዶቀዶቃል።

"የሚስቴ ወንድም" አለ። "መንገደኛ የመጫን ፈቃድ የለውም። ሹፌር ጎደለብኝ፣ 'አንድ ቀን ነው' አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ተደጋገመ። ዊልማ ደረሰችበት። ማህደሩ ላይ ጻፈችው፤ 'ተቆጣጣሪው ሲጠይቀኝ አልዋሽም' አለችኝ። ወረቀቱን ላወጣ ብል ቁልፉን ከአንገቷ አታወልቅም። ቤቱን እንዳለ..." መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "መኪናዋ አልነበረችም እኮ! በእግዜር ስም፣ ውስጥ መሆኗን አላወቅኩም! ሐኪም ቤት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ፤ መግባት አቃተኝ።"

"ዳላስንስ?" አልኩት እኔ። "ሚስቱ እርጉዝ ናት!"

"ኮፍያውን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶት ሄደ። ያን ነገር ተናግሯታል። ሽማግሌውን በአንድ እጄ እነዳዋለሁ ሲል ደግሞ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ..."

ኢንስፔክተሯ መንጃ ፈቃዱን አውጥታ መሪው ላይ አስቀመጠችለት። ፊደሏን አያት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

"የምታሰማራውን ሹፌር ማህደር አንድ ቀን አንብበህ ቢሆን" አለችው፣ "ሌላ ሰው ትመርጥ ነበር።"

እንግዲህ ስንት ተኩስ፣ ስንት ማሳደድ አይቻለሁ። ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሰውን በገዛ እግሩ ያስያዘች መርማሪ ግን አይሊን ስቮቦዳ ብቻ ናት። ክሊንት ሞተሩን አጠፋ። ሁለት እጁን እኔ ሳልጠይቀው ዘረጋልኝ።

*

ዳላስ የዚያኑ ቀን ተፈታ። በቀጥታ ሐኪም ቤት ሮጠ፤ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ግቢው ክሊንት መሆኑን ሰማ፤ ዳላስ እንዴት ነፃ እንደወጣ ሲጠይቁን ግን ኢንስፔክተሯ "ማስረጃ ነበረን" ብላ አለፈች። እኔም አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው።

ሰኞ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የፌልድካምፕ ግቢ ልብስ የተሰጣበት ሰፈር ይመስል ነበር። ሹፌሮቹ ማህደር ቤቱን ከሐይቁ ጎትተው አውጥተው፣ እሑድ ከሰዓት ሙሉ ከተሳቢ ወደ ተሳቢ ገመድ ወጥረው፣ የረጠበውን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ሲሰቅሉ ነው ያመሹት። ሁሉም የራሱን እየፈለገ አንብቧል። አንዱ የድሮ አሠሪው ስለሱ የመሰከረለትን መልካም ቃል እዚያ ገመድ ላይ ነው መጀመሪያ ያየው፤ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ሲናፈጥ አይቼዋለሁ። ተቆጣጣሪው ክራቫቱ በነፋስ እየተገረፈ በወረቀቶቹ መሃል ሲመላለስ ዋለና ሮይስን ጠራው።

"ካየሁት ማህደር ሁሉ የረጠበው ይኼ ነው" አለው። "የተሟላውም ይኼው። ያለ ፈቃድ መንገደኛ ለጫነው አንዱ ሰው ግን ትጠየቃለህ። ሴትየዋ ደግሞ እሱንም ጽፈውታል።"

ወይዘሮ ዊልማ የነቁት በማግስቱ ነው። መጀመሪያ የጠየቁት ማን እንደጎተታቸው አይደለም፤ ዳላስ የጤና ካርዱን አሳድሶ እንደሆነ ነው።

እና የጭንቅላታቸው ቁስል እንደሻረ፣ አንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ዳላስ ራሱ መጥቶ በሽማግሌው ፈትኑኝ አላቸው። እሳቸው ቀበቶ አጥብቀው ከጎኑ ተቀመጡ፤ እኔም ታሪክ እንዳያመልጠኝ ከኋላ ተሸጎጥኩ። ልጁ ማርሹን ሲያስገባ የጮኸው ብረት ቺካጎ ድረስ ተሰምቷል። በሩ ላይ ሞተሩ ጠፋ። መገንጠያው ላይ ጠፋ። መመለሻው ላይ የሮይስን የፖስታ ሣጥን ይዘን ነው የገባነው። ጭንቅላቴ ጣራው ላይ የተወው ጉድጓድ እስከ ዛሬ አለ።

"ወድቀሃል" አሉት ወይዘሮ ዊልማ እየጻፉ።

ጋራዡ ደጃፍ ላይ ሹፌሮቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ። ዳላስ ወረደ። ፊቱ እንደ ኮፍያው ቀልቷል።

"እህስ፣ ጎበዙ?" አለው አንዱ። "ሳንድዊችህስ የታለ?"

ዳላስ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ያ ደረት እንደገና ሲነፋ ታየኝ።

"ወደቅሁ" አለ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ። "ማርሽ አልችልም። ድሮም አልችልም ነበር።"

ከዚያ ሉፔ ሬዬስ ያላለቀ ምሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አነሣችና ቦታውን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችለት።

"ና ተቀመጥ" አለችው። "ነገ ጠዋት አሳይሃለሁ። አጥር ከሌለበት ቦታ።"

ወይዘሮ ዊልማ የፈተናውን ወረቀት ይዘው፣ ጎማው በወጉ ተነፍቶ ወደ ቆመው ማህደር ቤታቸው ገቡ። ከላይኛው መሳቢያ የዳላስን ማህደር አውጥተው የቀኑን ውድቀት ከበፊቶቹ ወረቀቶች ላይ አስተካክለው አስቀመጡት።